የጾም ቀለም

አቃቂ በሰቃ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ ተስፋሚካኤል፣ ጅቡቲ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን፤ የታኅሣሥ ብርድ ብቻ ነው አላስቆም አላስቀምጥ ያለን። እናቴ "ወንድሜን ሳሚልኝ" ብላለች። ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ እንደሚያውቁት ነው።

ስልክ ስደውል "መስመሩ አይሰማም" እያሉ ስለሚዘጉብኝ ይኸው እንደ ድሮው ወረቀትና እስክርቢቶ ይዣለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ የዓሊማ ባል፣ ጎረቤታችን ያህያ ነው። መኪናውን ከቃሊቲ ጅቡቲ ባመላለሰ ቁጥር እርስዎን ሳያይ እንደማይመለስ ስለማውቅ ከፖስታ ቤት ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከማተሚያ ቤቱ ሥራዬ ስወጣ የሰፈሩን ልጆች ሥዕል እንደማስተምር ያውቃሉ። በግቢያችን በስድስት ልጆች የጀመርኩት ዛሬ ሠላሳ ሁለት ደርሰዋል። እናቴ "ወይ እኔ ወይ እነሱ" ስትል የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ሳህሌ የአዳራሹን የጀርባ ክፍል፣ ያንን ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበትን፣ ፈቀዱልኝ። ማክሰኞ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት እዚያ ነን። አሁን ግን አንድ ነጋዴ ክፍሉን ለሽንኩርት መጋዘን ልከራየው ብሎ መጣ። ኮሚቴው ተከራክሮ ተከራክሮ አልስማማ ቢል ነገሩን ለጠቅላላ ስብሰባ አሳደረው። ስብሰባው በደብረ ዘይት እሑድ፣ መጋቢት 14 ነው። ያን ዕለት ልጆቹ የሠሩትን ለአባላቱ አሳያለሁ። ከወደዱት ክፍሉ የልጆቹ ይሆናል፤ ካልወደዱት የሽንኩርት ነው።

አምና የላኩልኝ ስምንት ሣጥን የውሃ ቀለም አልቋል። እዚህ ገበያ ያለው ደግሞ ጥሩው አይቀመስም፣ የሚቀመሰው ከውሃ አይለይም። እርስዎ ያሉበት የጽሕፈት መሣሪያ መጋዘን ካርቶኑ የተጨማደደውን በነፃ ይሰጠኛል ይሉኝ የለ? ሠላሳ ሁለት ሣጥን ቢገኝልኝ ሌላ ምንም አላስቸግርዎትም። ጫማም ሽቶም አልፈልግም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ሥርጉት


ጅቡቲ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለሥርጉት፣

ዛሬ ከተራ ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ። እናንተ ዘንድ ታቦት ሲወርድ እኔ እዚህ ላቤ ይወርዳል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ለእህቴ ጉልበቷን በሞቀ ጨው እንድታሸው ንገሪልኝ፤ ለምላሷማ ማንም መድኃኒት አላገኘለትም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና መጻፍሽን ወደድኩት። ሠላሳ ሁለት ሣጥን ማለት ለእኔ የእጅ ዕቃ ነው። በሚቀጥለው ወይም በዚያ በሚቀጥለው መኪና ይደርስሻል። ለጊዜው ልጆቹን እንድታባብዪበት ሁለት ሣጥን በያህያ ልኬያለሁ፤ ቴምሩ የእናትሽ ነው።

ያኔ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የፉርጎ ቁጥር ስጽፍ ያለ ማስመሪያ ነበር የማሰምረው። ፈረንሳዩ መርማሪ ማስመሪያውን አስጠግቶ ለክቶ "ትክክል" ብሎ ሄዷል። ይህን የምነግርሽ ሥዕል ከደም የመጣ መሆኑን እንድታውቂ ነው።

መቼ ትመጣለህ ለምትለው ለእህቴ፣ ዘንድሮ ሥራ በዝቶብኛል በይልኝ። ደግሞ ከውጭ የመጣን ሰው ሰፈር የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። ሲሞላልኝ እመጣለሁ።

አጎትሽ
ተስፋሚካኤል


አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን። ቴምሩ በሁለት ቀን አለቀ፤ እናቴ ለጉልበቴ ነው ብላ ለማንም አልሰጠችም።

ያህያ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ የመኪናውን በር ስከፍት ከረዳቱ ከሀይረዲን እግር በቀር ያየሁት ነገር የለም። ለሠላሳ ሁለት ልጅ ሁለት ሣጥን ማለት ደግሞ ለሠርግ ሁለት እንጀራ ነው። አንዷ ሰማያዊ ስትነካ ሌላው ያለቅሳል። ባለፈው ቅዳሜ ተደባድበው የአንዱ ጥርስ ወለቀ፤ ደግነቱ ለመውለቅ የደረሰ ጥርስ ነበር።

ስለዚህ እኔ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። አይሳቁብኝ። ጥቁሩን ከከሰል፣ ቢጫውን ከእርድ፣ ነጩን ከጀሶ አወጣሁ። ሰማያዊው ነጭ ልብስ ስናጥብ የምንነክረው ዱቄት ነው። ከሰሉን ስወቅጥ ፊቴ ጠቁሮ እናቴ በሯን ዘጋችብኝ። ዱቄቱን ወረቀት ላይ የሚይዝልኝ የእንቁላል አስኳል ሆነ፤ ስልክ ላይ አይቼ ነው። እንዴት እንደሚያበራ ቢያዩት! ብሩሹን ከፍየል ፀጉር እየቆረጥን በሸምበቆ ላይ እናስራለን። ወረቀት ከማተሚያ ቤታችን የሚጣለው ቁርጥራጭ አለ። የቀለም ዕቃችን የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ልጆቹ ከየመደብሩ ለቅመው ሁለት ፌስታል ሞልተዋል።

ያስቸገረኝ ቀዩ ነው። ቀይ ሥር ሞከርኩ፣ በሦስተኛው ቀን ቡና ቡና አለ። ከዚያ በአሮጌው ሐዲድ ዳር የወደቀ ብሎን አገኘሁና ዝገቱን ፈቀፈቅሁት። አጎቴ፣ ያ ቀለም! የድሮ ፉርጎ ቀለም ነው። ግን አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ወረቀቱን ይቧጭረዋል። ያኔ እርስዎ ይሠሩበት የነበረው ቀይ እንዲህ ነበር? እንዴት ነበር የምታለሰልሱት? ይህን ይጻፉልኝ።

ሣጥኖቹም ካሉ ይምጡ። ከሌሉም መጋቢት 14 መድረሱ አይቀርም።

ሥርጉት


ጅቡቲ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሥርጉት፣

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰሽ።

መርከቡ ዘግይቷል። ሣጥኖቹ ሲራገፉ ይላካሉ ብያለሁ፤ ብያለሁ ነው። ስለ ከሰሉና ስለ ዝገቱ ያነበብኩትን ለሰው አላወራሁም። አጎቷ ከውጭ ዕቃ የሚልክላት አስተማሪ ለሰው ልጅ ዝገት ስትሰጥ ሰፈር ምን ይላል? በስብሰባው ፊት ቆርኪ ደርድረሽ እንዳታዋርጂን። ታገሺ።

እህቴን ሰላም በይልኝ።

ተስፋሚካኤል


አቃቂ በሰቃ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ተስፋሚካኤል፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ይህ ደብዳቤ ረዘም ይላል፤ ጥላ ፈልገው ተቀምጠው ያንብቡት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት እኔን ነው። ባለፈው ማክሰኞ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቆርኪ ሳጥብ ወይዘሮ አሰለፈች፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ፣ የልጅ ልጃቸውን ወንድዬን ጆሮውን ይዘው መጡ። "ምላስህን አውጣ" አሉት። አወጣ። ቢጫ ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ቀለም ነው፣ እትዬ አሰለፈች። የብሩሹን ጫፍ ለማሾል ይልሱታል። አይጎዳም።"

"ቀለሙስ ከምንድን ነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ወንድዬ፣ ያ ብልጥ፣ "ከእርድና ከእንቁላል!" አለ። የተማረውን በትክክል መመለሱ ነበር።

"በሁዳዴ?" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። "እንቁላል? በሁዳዴ?"

አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ትዝ አላለኝም። እኔው ራሴ ጾመኛ ነኝ። ለአፌ ሽሮ ሳማርጥ ለቀለሙ እንቁላል ስሰብር ምግብ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ትምህርታችን ረቡዕና ዓርብ ስላልነበረ፣ ልብ ካላልኳት ከነነዌዋ ማክሰኞ በቀር፣ እስካሁን ከጾም ጋር ተገናኝቶም አያውቅ። ጾሙ ከገባ ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ አንድም ሰው ልብ አላለም።

ይኼ ሳያንስ ዓሊማ ልጇን ሐጀራን አቅፋ ገባች። ረመዳን ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሐጀራ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መያዟ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ችላ እኔ ክፍል ገብታ ብሩሹን ላሰችው። "ረስታ ነው፤ የረሳ ሰው ጾሙ አይፈርስም ብላት አትሰማኝም" ትላለች ዓሊማ። ልጅቷ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች። አንዷ ጾም ስለሆነ እንቁላል አይነካም፣ ሌላዋ ጾም ስለሆነ ምንም አይነካም፣ በመሃል እኔ የቆሸሸ ቆርኪ ይዤ ቆሜያለሁ።

ወይዘሮ አሰለፈች እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ተቀበሉኝ። "እስከ ስብሰባው እኔ ዘንድ ይቆያል" አሉ። "ሽንኩርት ቢያንስ የጾም ነው።"

ማምሻውን ዓሊማ ለፍጡር ጠራችኝ፤ የልጅቷን ለቅሶ ልታስረሳኝ ነው መሰል። ያህያ ቴምሩን በእጁ ይዞ አዛን እየጠበቀ ሳለ "አጎቴ ሣጥኖቹን ሰብስበው ይሆን? አይተሃል?" አልኩት። ቴምሩን ወደ ሳህኑ መለሰና "ሥርጉቴ፣ ስንት ወር ዋሸሁሽ። አሁን ግን ጾም ይዤ መዋሸት አልችልም" አለኝ። መጋዘኑ ሰኔ ላይ መዘጋቱን ነገረኝ። እርስዎ አሁን የመኪና ማቆሚያ እንደሚጠብቁም ነገረኝ። እነዚያን ሁለት ሣጥኖች ከሱቅ ገዝተው ካርቶኑን በእጅዎ እንዳጨማደዱትም።

መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ጥበቃ በመሆንዎ አይደለም፤ ሥራ ነው። ያናደደኝ ሌላ ነው። የሌለዎትን ሣጥን በየደብዳቤው ይልኩልኛል፤ ያለዎትን ግን፣ ስለ ቀዩ የጠየቅሁዎትን፣ አልፈውት ይሄዳሉ።

ሣጥኑን ትቼዋለሁ፤ መርከቡም በሰላም ይግባ። አሁን የምፈልገው እርስዎ የሚያውቁትን ነው። ዝገት እንዴት ይለሰልሳል? ከእንቁላል ሌላ፣ የጾም የሆነ፣ ዱቄት ወረቀት ላይ የሚይዝ ምን አለ? የብሩሽ ጫፍ ሳይላስ እንዴት ይሾላል? አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶኛል፤ ልጆቹ ወደ ግቢያችን ተመልሰው እናቴን እያሳበዷት ነው። ያህያ ነገ ይነሣል። ሲመለስ መልስ ይዞ ካልመጣ ራሴ መኪናው ላይ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

የምትወድዎት፣ የተናደደች
ሥርጉት


ጅቡቲ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሥርጉት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያህያንም አልተቀየምኩትም፤ እንዲዋሽ ያስገደድኩት እኔ ነኝ።

አዎ፣ ተዘግቷል። ስምንት ወር ሆነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዘመዶቼ ሲያስቡኝ መጀመሪያ የሚታያቸው ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ሲጠፋ እኔም የምጠፋ መሰለኝ። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ስለ ቀለሙ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት ደግሞ ከጀመርኩ እንደማላቆም ስለማውቅ ነው፤ ሁሉን እዘረግፈዋለሁ ብዬ ፈራሁ። አሁን አንዴ ተዘርግፏልና ብዕሬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ዝገቱን መውቀጥ ብቻ አይበቃም፤ እጠቢው። ወቅጠሽ ውሃ ውስጥ በትነሽ አማስዪው፣ ከዚያ እስከ ሃያ ቁጠሪ። አሸዋው ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የቀረውን ድፍርስ ውሃ ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪው። ያ ድፍርስ በማግሥቱ ሲጠል ከሥሩ የምታገኚው እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። ፉርጎዎቹን የቀባነው በዚያ ዓይነት ቀይ ነበር።

ማያያዣውን ስትጠይቂኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ጥገና ክፍል ሳለሁ ቀለሙ የሚለወስበት ዘይት በበርሜል በመርከብ ይመጣል። አለቃችን "የውጭ ነው፣ ጠብታ እንዳይፈስ!" እያለ ያስፈራራናል። በገባሁበት ቀን ክዳኑን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ተልባ ነው! እናታችን በየጾሙ የምትቆላው ተልባ! ለማንም ሳልናገር ወር ሙሉ በሆዴ ስስቅ ከረምኩ። ይኸው አንቺም ከእኔ የውጭ ዕቃ ስትጠብቂ ተልባው ጓዳሽ ተቀምጧል።

ዘይቱ ለልጅ አይሆንም፤ ይሸታል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል። አንቺ ፍሬውን ሳይቆላና ሳይወቀጥ በብዙ ውሃ ቀቅዪው። ውሃው በሁለት ጣትሽ መሃል ክር ሲሠራ አውርጂና በትኩሱ በሻሽ አጥልዪው፤ ከቀዘቀዘ እምቢ ይልሻል። ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ትንሽ ስኳር ጨምሪበት። እንዳይሻግት ጥቂት ቅርንፉድ ጣል አድርጊበት። ሁሉም የጾም ነው፤ ወይዘሮ አሰለፈች ከፈለጉ ይጠጡት። ዝገቱንና ያንን የልብስ ዱቄት ግን ወደ አፉ የሚያስጠጋ ልጅ እንዳይኖር።

ብሩሽ ደግሞ እኛ ዘንድ የላሰ ይባረር ነበር፤ በዘመኑ ቀለሙ መርዝ ነበረው። እርጥብ ጨርቅ በግራ እጅሽ ያዢ፣ ብሩሹን አስተኚበትና በጣቶችሽ እያሾርሽ ወደ ራስሽ ሳቢው። ሁለት ጊዜ ካደረግሽው ጫፉ መርፌ ይሆናል።

መጀመሪያ የምታፈዪው ይበላሻል። አትደንግጪ፣ ሁለተኛውን አፍዪ። ሽንኩርት ክፍሉን እንዳይወስድብሽ።

አጎትሽ
ተስፋሚካኤል፣ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ


አቃቂ በሰቃ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

አምላክ እጅዎን ይባርክ! ሰላምታዬን ባሳጥር ይቅር ይበሉኝ፣ ወሬው አፌ ላይ ሞልቷል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መጋቢት 7 ቀን ነው። ስብሰባው ሊደርስ ሰባት ቀን ቀረው። ለዓሊማ ሳነብላት ተነሥታ ገባችና ከወሎ የተላከላትን ተልባ ግማሽ ጆንያ እየጎተተች መጣች። የመጀመሪያውን ድስት እንዳሉት አበላሸሁት፤ ስልክ ሳነሣ ቀዘቀዘብኝና ሻሹም ተልባውም አንድ ላይ ተጣብቀው ተጣሉ። ሁለተኛው ወጣ። ክር ሲሠራ ልጆቹ ሁሉ ጣታቸውን ካልነከርን ብለው ተሰለፉ። ቅርንፉዱ ከገባበት በኋላ እናቴ እንኳ ብቅ ብላ "ምን እየሠራችሁ ነው፣ ሰፈሩ ሸተተ" አለች፤ ከዚያ ማማሰያውን ቀምታኝ ቀረች።

ዝገቱን ያጠበችው ሐጀራ ናት። ሃያ ድረስ ትቆጥራለች፣ ድፍርሱን ትገለብጣለች፣ ማንንም አታስነካም። ብሩሹን በጨርቅ ማሾል ለማስለመድ ደግሞ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ምላሱን ያወጣ ሁሉ ቆርኪ ያጥባል ብዬ ደነገግሁ። ወንድዬ ብቻውን አርባ ቆርኪ አጠበ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ሞላ። ሥዕሎቹን በድንኳኑ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። የእድሩን ዕቃ ሣሉ ብያቸው ነበር። ትላልቅ ድስቶች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ድንኳኑ፣ እና ሐጀራ ለብቻዋ የአባቷን መኪና በዝገት ቀይ። ወንድዬ አያቱን ሣለ፤ ቁልፍ በእጃቸው፣ ጆሮ በሌላው እጃቸው። ሰው እየዞረ ሲያይ ሲስቅ፣ ሽንኩርት ነጋዴውም ዞሮ አየ። አቶ ሳህሌ ያንን ተሸክመውት የኖሩትን ትልቅ ድስት በሥዕል ሲያዩት "ጥላሸቱ ሳይቀር!" አሉ።

ወይዘሮ አሰለፈች ተነሡ። 

"ሥዕሉን አይቻለሁ፣ ያምራል" አሉ። "የእኔ ጥያቄ ስለ ቀለሙ ነው። ልጆቻችን ጾማቸውን የሚሽሩበት ቤት የእድራችን ቤት አይሆንም።"

ይህን ጠብቄ ነበር። የተልባውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁ፣ እርድ በጠበጥኩበት፣ "ቢጫው ቀለማችን ይኼው ነው" ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ግማሹን ጠጣሁት።  ዓሊማ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ "እኔ ጾመኛ ነኝና አልቀምስላችሁም፤ ተልባው ግን ከጓዳዬ የወጣ ነው፣ እንቁላል አለበት የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር" አለች። አንድ ሽማግሌ "ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ!" ብለው አዳራሹን አሳቁት።

ወይዘሮ አሰለፈች አልሳቁም። መጡና ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉኝ። አሸተቱት።  ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

"ስኳር አብዝተሻል" አሉኝ።

ከዚያ ወንድዬን ጠሩት። ብሩሹን በጨርቁ ላይ አስተኝቶ እያሾረ ሳበ፣ ጫፉን አሾለ፣ አንድ መስመር አሰመረ። "ምላስህን" አሉት። እንደ ማንኛውም ልጅ ምላስ ቀይ ነበር። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ከዚያ በኋላ እጅ ያላወጣው ሽንኩርት ነጋዴው ብቻ ነው። ክፍሉ የልጆቹ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን አስከተሉ። በአዳራሹ የፊት ግድግዳ ላይ ያለው የእድራችን ስም ከደበዘዘ ቆይቷል። አቶ ሳህሌ "በዚያ በመኪናው ቀይ ይጻፍልን፣ ክረምት ሳይገባ" አሉ። እኔም እሺ አልኩ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ቤት ገብቼ ነው የደነገጥኩት። የእኔ ቀለም የውሃ ነው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ለውጭ ግድግዳ ዘይቱ ነው የሚያስፈልገው፣ ያ እርስዎ በበርሜል ያሸተቱት። እንዴት እንደሚለወስና ስንት ጊዜ እንደሚቀባ እዚህ ሰፈር የሚያውቅ ሰው የለም። በደብዳቤም አይሆንም፤ ድስት በተበላሸ ቁጥር ጅቡቲ ልልክ አልችልም።

ይምጡልን። "ሲሞላልኝ" እንዳይሉኝ። ለእናቴ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ መጀመሪያ ሰደበችዎት፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፊ ብላኛለች፦ "እናታችን የወለደችልኝ ወንድም ነው፣ ካርቶን አይደለም።"

ሰፈሩ እጅዎን ያያል ብለው ነበር። አዎ፣ ያያል። ሠላሳ ሁለት ልጆች ያለ ማስመሪያ መስመር እንዴት እንደሚሰመር ሊያዩ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እኔ አጋነንኩላቸው፣ አያሳፍሩኝ።

በያህያ እጅ አምስት ቆርኪ ቀለምና አንድ የፍየል ፀጉር ብሩሽ ልኬያለሁ። ከዚህ ወደዚያ ዕቃ ሲላክ መጀመሪያው ነው። በእርስዎ ሙቀት ይሻግት እንደሆነ አይተው ይንገሩኝ።

ሥርጉት


ጅቡቲ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥርጉት ልጄ፣

ይህን የምጽፈው በላክሽው ብሩሽና በላክሽው ቀይ ነው፤ እስክርቢቶ አልነካሁም። ቀለሙ አልሻገተም። ሐጀራን ሃያ ሳይሆን ሃያ አምስት ትቁጠር በያት፣ ትንሽ አሸዋ አግኝቼበታለሁ። ሌላው እንከን የለውም።

ከመኪና ማቆሚያው ተሰናብቻለሁ። ያህያ ጭነት እስኪያገኝ ጥቂት ቀን ስለሚቆይ ይህን ደብዳቤ በሌላ መኪና ቀድሞ የሚመጣው ሀይረዲን ያደርስልሻል። እኔ ከያህያ ጋር ለሆሳዕና እገባለሁ።

እስክመጣ ግድግዳውን ፍቃችሁ ኖራ ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዘይት መጭመቂያ ንጹሕ የተልባ ዘይት አንድ ጀሪካን ፈልጊ፤ ያልተቀላቀለ መሆኑን እኔ አሽትቼ አውቃለሁ። ማስመሪያ ከክፍሉ ውስጥ ይውጣ። ወይዘሮ አሰለፈችን ሰላም በይልኝ፣ ስኳሩን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቃሊቲ ስንደርስ ሻንጣ የሚያግዘኝ ሰው አትላኪ። ሻንጣ የለኝም። ልጆቹን ብቻ ላኪልኝ።

አጎትሽ
ተስፋሚካኤል